የመስቀል ማግሥት ፎቶ

ክንፈሚካኤል ትልሙ ላይ በሆዱ ተኝቶ ዓይኑን ካሜራው ላይ እንደ ተከለ፣ ከኋላው የሴት ድምፅ ጮኸ።

«በእመቤቴ! ሰው ነህ? በሕይወት አለህ?»

ዘወር ሲል እትዬ እህተ ማርያም ናቸው፣ የታችኛው ሰፈር ጎረቤቱ። የተሸከሙትን ጭራሮ ጥለው ያማትባሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ክንፌ። ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«ምን ነካህ አንተ! በዚህ ጊዜ ሰው ሜዳ ላይ እንዲህ ይዘረጋል? በድን መስለኸኝ እኮ ነው።»

ይቅርታ ጠይቆ አፈሩን ከደረቱ አራገፈ። ድሮ የሰርግ ፎቶ አንስቶ ካገኘው እየቆረሰ እስከ ስሜን ተራሮች ድረስ ይሄድ ነበር። መንገዱ ከተዘጋጋ ወዲህ ግን ሩቅ አገር ቀረ። እልህ ይዞት፣ ከፍኖተ ሰላም ዳር ከጓሮው ያለችው ጉብታ ላይ በየማለዳው እየወጣ፣ ሃያ ዓመት ያየውን ሜዳ እንደ አዲስ ያይ ጀመር። ቆሞ ያላየውን ተንበርክኮ፣ ተንበርክኮ ያላየውን ተኝቶ። ዛሬም ጉሙ በየትልሙ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ አገኘው። ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም። ደስ ሊለው ሲገባ ምንም አልተሰማውም። እጁ ያነሳል እንጂ ልቡ ከሞተ ቆይቷል።

«የቡሬው መንገድ ከዚህ ይታያል?» አሉ እትዬ።

«ይታያል።»

ወደዚያው አሻግረው አዩ። ድረስ የሚባለው የመጨረሻ ልጃቸው የትምህርት ማስረጃዬን ላምጣ ብሎ፣ መኪና ስላልነበረ በእግሩ ወደ ቡሬ የወጣው በመስቀል ማግሥት ማለዳ ነው። ቡሬ ያሉት አልደረሰም ይላሉ፤ ስልኩም አይጠራም። ለቅሶ እንዳይቀመጡ መርዶ የለም፣ እንዳይጽናኑ ልጁ የለም። ይኸው ግንቦት ገባ።

«የዚያን ዕለት ወጥተህ ነበር?»

ወጥቶ ነበር። እንዲያውም ካነሳው ሁሉ አብልጦ የሚወደው የዚያን ማለዳውን ነው። ኑጉ አብቦ፣ ሜዳው ቢጫ ሆኖ፣ መንገዱ በመካከሉ እንደ ክር ቀጥኖ። የሰፈሩ ሰው እንኳ ሲያየው «ይኼ የት አገር ነው?» ይለዋል። ስልኩ ላይ ፈልጎ ሰጣቸው። እትዬ አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠግተው አዩት።

«መንገዱ ይኸውና። ሰው ግን የለበትም» አሉ። «እንግዲያማ ልጄ ቀድሞ አልፏል።»

ክንፈሚካኤል ያኔ ትዝ አለው። ሰው ነበረበት። ከመታጠፊያው አጠገብ አንዲት ቀይ ነጥብ። ቀይዋ ቢጫውን ረበሸችብኝ ብሎ ቤቱ ሲገባ በኮምፒውተር አጠፋት። ምልክቷ እንኳ እንዳይታይ አድርጎ በማጥፋቱ በእጁ ሙያ ኮርቶም ነበር። ዋናውን ፎቶ ከካሜራው ካርድ ደምስሶ የጥር ሰርግ አነሳበት።

ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም።

«እትዬ… ሰው ነበረበት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምን አልክ?»

«ከፎቶው ላይ ማለቴ ነው። ቀይ የለበሰ ሰው ነበር። ቦታው እንዲያምርልኝ ብዬ…»

አልጮኹም፣ አልረገሙትምም። ጭራሮው ላይ ቁጭ አሉ።

«ሹራቡ ቀይ ነው» አሉ በቀስታ። «የት ላይ ነበር?»

በጣቱ አሳያቸው። እሳቸውም የተሰነጣጠቀ አውራ ጣታቸውን ባዶው መንገድ ላይ አሳረፉ፤ የሚያም ነገር የሚነኩ ይመስል ቀስ አድርገው።

«ፊቱ ወዴት ነበር ልጄ? ወደ ቡሬ ነው ወይስ ወደ ቤት? መንገዱ ከፍቶበት እየተመለሰ ይሆን?»

ክንፈሚካኤል ዓይኑን ጨፈነ። ኑጉ መጣለት፤ መንገዱም፣ ጠዋቱ የጣለው ብርሃንም መጣለት። ሰውየውን ግን አጣው። ያኔም ቢሆን ነጥቧን እንጂ እሱን አላየውም ነበር።

«አላውቅም እትዬ።»

የስልኩ ብርሃን ደከመና ጠፋ። እሳቸው ጣታቸውን ከጠቆረው መስታወት ላይ አላነሱም።