የባዶ ቤት ሰላምታ

መፍቱሃ ልጅ ሳለች ደሴ ላይ አባቷና ጎረቤታቸው ሲጨዋወቱ ሰምታ ነበር። «ባዶ ቤት ስትገባም ሰላምታህን አትርሳ» አሉ አባቷ። «ማን ሊመልስልኝ ጋሼ?» ብሎ ጎረቤትየው ሳቀ። አባቷ ምን እንደመለሱለት ግን አታስታውስም።

ዛሬ ባሏ ዑበይድ በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ሆልምሊያ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሚሸጥ ባዶ ቤት ሊያሳያት አመጣት። እሱ ቀድሟት ገባ፤ እሷ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እንደ ልማዷ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለች።

«ወዐለይኩም ሰላም» የሚል የሴት ድምፅ ከፎቅ መጣ። ደላላዋ ውጭ፣ መኪናዋ አጠገብ ቆማ በስልክ ታወራለች።

ዑበይድ ወጥ ቤት ውስጥ የቧንቧውን ውሃ እየሞከረ ነበር። «አንቺ፣ መቼ ፎቅ ወጣሽ?» አለ እየሳቀ። «ስንት ቤት ሳሳይሽ እንደ ፈረንጆቹ ኔይ፣ ኔይ፣ አይሆንም ስትዪኝ ከረምሽ! ዋጋ የሚቀርበው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ አንዴ ካቀረብን ደግሞ መመለስ የለም። አንቺ እሺ ካላልሽ ዋጋውን በስልክ አልልክም። እንግዛው?»

መፍቱሃ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «ይቅርብን፣ እንውጣ» ልትል አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም።

«እሺ» አለው ከላይ፣ የራሷ ድምፅ። «ግዛው፣ ዑቤ።»