የሆዶ ክኒን

የአሮጊቷን የሆዶን እግር የጠቀለለውን ጨርቅ ስፈታው ሽታው ፋርማሲዬን ይሞላዋል። አውራ ጣቷ ጠቁሯል። የስኳር መለኪያው ቁጥር እንኳ አይሰጠኝም፤ ከአቅሜ በላይ ነው ይለኛል።

«ኤዶ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት፤ «ክኒኑን አቋርጠዋል እንዴ?»

«ወላሂ አላቋረጠችም» ይላል ባሏ ዳሂር፣ ፂሙን በሂና ያቀላው ሽማግሌ። ዛሬ ጠዋት ከቱሊ ጉሌድ በሚኒባስ ያመጣት እሱ ነው። «በየቀኑ እንውጣለን።»

«እንውጣለን?»

«ጠዋት እሷ፣ ማታ እኔ። የስኳር መድኃኒት እርጅናን ያዘገያል ብሎ ሬዲዮ አውርቶ የለ እንዴ፣ ዶክተር?»

እኛ አገር ፋርማሲ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ሬዲዮ ያወራው ሁሉ መድኃኒት። በእነሱ ቤት ደግሞ የገባ ነገር ለብቻ አይበላም፤ ክኒንም ቢሆን። ልቆጣ እልና ፊቱን ሳየው ያሳዝነኛል።

«አዴር» እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት፤ «እሱ ገና ምርምር ነው። ይሠራ እንደሆን ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ለእርስዎ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለእሳቸው ግን ክኒኑ ነፍሳቸው ነው፤ ግማሹን ሲያጡ ነው እግራቸው እንዲህ የሆነው።»

ዳሂር ወደ ሚስቱ ይዞራል። «ይተርፈኛል አላልሽኝም?»

ሆዶ የምትመልሰው ለእኔ ነው።

«ልጃችን ናስትሆ ከተወለደች ጀምሮ አትሄድም። አሁን ትልቅ ሴት ናት። አንስቶ የሚያጥባት፣ ፀሐይ ላይ የሚያወጣት እሱ ነው። እኔ ጉልበት የለኝም። እኔ ብሞት እሱ አለ። እሱ ካረጀ ግን ማን ያነሳታል?»

ወንድም፣ ዘመድ፣ ጎረቤት ልላት ነበር፤ ቢኖርማ እዚህ ባልደረሰች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም፣ ሬዲዮውም አላነሳው።

«አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ» እላለሁ። «እግራቸው ሳይታይ ማደር የለበትም።» ደጅ ወጥቼ ባጃጅ አስቆማለሁ።

ስመለስ ሆዶ ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ አንድ ክኒን ፈትታለች። ወደ ባሏ አፍ ታስጠጋዋለች።

«የዛሬህን ዋጥ፤ ከዚያ እንሄዳለን።»

እንባው ቀዩ ፂሙ ውስጥ ይገባል። ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል። ዳሂር አፉን አይከፍትም። ሆዶም እጇን አታወርድም።