ያለ ፈቃድ

የቀበሌ ቤቷ ጣሪያ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ቤቶች አስተዳደር ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ። ኃላፊው በሄደች ቁጥር «ባለሙያ እንልካለን፣ እትዬ፤ ትንሽ ይታገሡን» ይላታል። «እንግዲያው ራሴ ላስጠግነው» ስትል ደግሞ ጣቱን ያወዛውዝባታል። «የመንግሥት ቤት ነው! ያለ ፈቃድ አንዲት ምስማር ቢመቱ ቤቱን ይለቃሉ!»

የሐምሌ ዝናብ አልጋዋን ካበሰበሰው ወዲያ ግን ልመናው አንገሸገሻት። መዶሻ ተዋሰችና ረፋዱ ላይ፣ ዶፉ እየወረደ፣ በሯን ዘግታ ትቀጠቅጥ ጀመር። ቋ! ቋ! ቋ! የብረቱ ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው።

ጎረቤቷ በመስኮት በኩል «ኧረ ተይ፣ ያስወጡሻል!» አለቻት።

«ይምጡና ያስወጡኛ!» አለችና ይብስ ቀጠቀጠች።

ሻይ እስኪፈላ እንኳን አልቆየም፤ ወሬው የደረሰው ኃላፊ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትሎ እየሮጠ ደረሰ። በሩን በርግዶ ገባ።

«የታለ? አዲሱ ቆርቆሮ የታለ? አሁኑኑ ይነቀላል!» እያለ ወደ ጣሪያው ሲያንጋጥጥ ውሃው ዓይኑ ውስጥ ጠብ አለ። አዲስ ቆርቆሮ የለም። ያው የዛገው፣ ያው ሰማይ የሚያሳየው ጣሪያ ነው።

ሴትየዋ መሬት ላይ ከደፋችው የብረት ሳፋ አጠገብ ተነሣች። ሳፋው በመዶሻ ጎድጉዷል። በርጩማ ሳበችና ልክ ከሚያፈሰው ሥር አስቀመጠችለት።

«ይቀመጡ፣ ጌታዬ። እኔ ምስማር እንኳ የለኝም፤ እናንተን እየጠራሁ ነው።»