ወርቅ የሌለው ዘፈን

መሪጌታ ይስማው ከግንቡ ማዶ ያሉትን ልጆች የናቋቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ሦስት ወጣቶች ባዶ ጋራዥ ተከራይተው ከሰዓት በኋላ ይለማመዳሉ፤ አንድ ከበሮ፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ዘፋኝ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። ግን ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጆሮ ደግሞ መዝጊያ የለውም።

ዘፋኙ «ሉማሜ ላይ ዝናብ ያዘኝ፣ ሻይ ጠጥቼ ጠበቅሁ» ይላል። መሪጌታ ወርቁን ፍለጋ ገቡ። ዝናቡ ምሕረት ይሆን? ሻዩስ? ሦስት ቀን ለፉ። በአራተኛው ቀን ዝናቡ ዝናብ፣ ሻዩም ሻይ መሆኑ ገባቸው። «ሰም ብቻ» ብለው ሳቁ።

ይሳቁ እንጂ በማግስቱም በረንዳው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ክረምቱ ሲገባ ሰዓቱን መጠበቅ ጀመሩ። በተለይ ጊታሩን ወደዱት። አይቸኩልም፣ የማይችለውን አይሞክርም፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲያጥረው ይጠብቀዋል። ነገር ሳያዞር የሚናገር ሰው ከሰሙ ስንት ዘመናቸው! አንድ ቀን እንባቸው መጣ፤ አፈሩበትም።

ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ዓይናቸው አንዲት ልጃቸው አርሴማ ናት። ከፋሲካ ጀምሮ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትወስዳቸው እጇን አትሰጣቸውም፤ የበትራቸውን ጫፍ ይዛ ነው የምትመራቸው። አንድ ቀን ሳያስቡት እጇን ቢነኩት የጣቶቿ ጫፍ ደድሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ የት ነበርሽ ሲሏት «ቤተ መጻሕፍት ነበርሁ» ትላለች። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ድረስ ደግሞ ወደ ጋራዡ ስትገባ ማየቱን ነገራቸው።

መሪጌታ እሳቸውን የማረከው ልጃቸውንም የማረከ መሰላቸውና ጊታሩን የሚመታው የማን ወገን እንደሆነ ጠየቁት።

«አመታቱስ የቤተ ክህነት ዘር አለበት፣ የኔታ» አላቸው ድረስ።

የካህን ልጅ ሆኖ ይህን ማድረጉ የባሰ አናደዳቸው። አርሴማን ይዟት አዲስ አበባ ቢገባ ማን ይመራቸዋል? ሊረግሙት ተነሱ፤ ጊታሩ ሲጀምር ግን አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። ፈርተውታልም፣ ወደውታልም።

ቅዳሜ ዕለት ግንቡን እየዳሰሱ ብቻቸውን ሄዱ። በሩን ሲገፉት ዘፈኑ ተቋረጠ።

«ጊታሩን የምትመታው፣ ስምህን እንኳ አልጠይቅህም» አሉ መሪጌታ። «ልጄን እንደ ሌባ በጓሮ አትውሰዳት። ሽማግሌ ላክ፤ እምቢ አልልህም። እንዲህ የሚመታ ሰው ክፉ አይሆንም።»

ጊታሩ ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ሰሙ። ከዚያው ጥግ የመጣው መልስ የአርሴማ ድምፅ ነበር፦

«አባባ፣ ሽማግሌ ከማን ቤት ወደ ማን ቤት ልላክ?»