የይርገዱ የመጨረሻ ቁራጭ

ባለቤቴ ይርገዱ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። በአዲሱ ሕግ ግን ከማህፀን ጫፍ ካንሰሯ የተወሰደው ናሙና ቤተ ሙከራ ውስጥ በሕይወት እስካለ ድረስ እሷም አልሞተችም። በናሙናዋ ላይ በተሞከረ መድኃኒት የዳኑትን ሴቶች ብትደረድሯቸው ከአዲስ አበባ ጅማ ይደርሳሉ፤ ኧረ ያልፋሉ!

ዛሬ ሲስተር ውዴ ከቤተ ሙከራው ደወለች።

“ጋሽ ምናሉ፣ ከይርገዱ ናሙና የቀረን አንድ ቁራጭ ነው። የሷ ዓይነት ካንሰር ለያዛት አንዲት የሰቆጣ እናት መድኃኒት እንምረጥበት? ከዚያ ግን ያልቃል።”

“የኔ ይርገዱ እንኳን ለአንዲት እናት፣ ለሰቆጣ በሙሉ ትበቃለች! ውሰዱ!” አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

ስልኩን ዘግቼ፣ ሕጉ ሐዘን ስለማይፈቅድልኝ እስከ ዛሬ ያልለበስኩትን ጥቁር ሸሚዝ አወጣሁና መተኮስ ጀመርኩ። ለእንዲህ ያለች ሴት የሚያለቅስ ባል፣ አንገትጌው እንደ ምላጭ መቆም አለበት።