የእናቱ ጌሾ

ከትራክተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ማጨጃ አንድ ጠንከር ያለ ችግኝ ሲፈጭ፣ እናቱ እጇን በራሷ ላይ ጭና ስትሮጥ አያትና ሞተሩን አጠፋ። እስራኤል ካለው ቤታቸው ጀርባ ያለውን፣ ባለቤቱ ትቶት ቁጥቋጦ የዋጠውን የብርቱካን እርሻ ከሥሩ እንዲያጸዳ ነበር የታዘዘው።

እናቱ ተንበርክካ የተቦጫጨቀውን ቅጠል ከአፈሩ ለቀመች። «ለሠርግህ ጠላ ብዬ የተከልሁት ጌሾ ነው» አለች።

«አላወቅሁትም፣ እማ።»

«ምን ታደርግ ልጄ። አንተ የምታውቀው ደርቆ ተወቅጦ ነው።»

ቁጣ አልነበረባትም፤ እሱን ያመመውም ይኸው ነበር። ካናዳ ስድስት ዓመት የተማረው ስለ ዕፅዋት ነው። ቅጠሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተነሣችና ወዳልታጨደው ጥግ ጠቆመች።

«እዚያ አንዲት ቀርታለች። እሷን እንኳ ዝለልልኝ።»

«ቤሰደር፣ እማ» አለ፣ በዕብራይስጥ እሺ ማለቱ ነበር።

ትራክተሩ ላይ ተመልሶ ወጥቶ ሞተሩን አስነሣ። ከላይ ሲያየው ጥጉ ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነበር። ወርዶ የትኛዋ እንደሆነች ለመጠየቅ አፈረ። እናቱ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብታየው፣ የእሷን ፈቃድ የሚጠብቅ መስሏት፣ ቀጥል ስትል እጇን አወዛወዘችለት።