ቢጫ ለባሿ ድመት

መሐንዲሱ ልጁን እርሻ ሊያሳያት የወሰነው፣ የአራት ዓመቷ ሚጣ «ወተት ከፍሪጅ ነው የሚመጣው» ብላ በእንግዳ ፊት ስላዋረደችው ነው። ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ለጎብኚ ክፍት ወደሆነ አንድ እርሻ ነዳ።

ሚስቱ በዚያው ሳምንት ስለ ልጅ ሌቦች ስልኳ ላይ ስታነብ ነው የከረመችው። ያነበበችውን መንገድ ላይ አንድ በአንድ ተረከችለት።

«ዓይንህ ከልጅቷ እንዳይነቀል። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ሲባል አልሰማህም?»

«ከእኔ እጅ? ይሞክሩኛ!» አለ መሐንዲሱ።

ሚጣ ከኋላ ሆና ሳታቋርጥ ታወራ ነበር። የሚመልስላት ግን አልነበረም።

እርሻው በር ላይ ለልጅ ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ባለቆብ ቢጫ የዝናብ ካፖርትና ቦት ጫማ ያለብሳሉ። አንዲት ወጣት ደግሞ ፊታቸውን በቀለም ቀብታ ድመት ታደርጋቸዋለች፤ ጥቁር አፍንጫ፣ ስድስት ጢም። መሐንዲሱ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ አነሳ።

ሚጣ ዶሮ ስታይ አለቀሰች። ካሮት ሲሰጧት ተፋችው። አባቷ ይህንንም ቀረጸ።

«በቃ ድርቆሹ ላይ ውጪና ተንሸራተቺ! እየቀረጽኩሽ ነው!» አላት።

ድርቆሹ ላይ ልጆች ይርመሰመሱ ነበር። መሐንዲሱ ቪዲዮውን ለዘመድ አዝማድ በሙሉ ልኮ ሲያበቃ ድመቷን እጇን ይዞ ከክምሩ ሥር አወጣት።

ሚስትየዋ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። መንሹን ተደግፎ የቆመ አንድ የእርሻው ሠራተኛ፣ ሥራውን ትቶ ልጆቹን እያየ ፈገግ ይላል።

ሰውየው ጠጋ አለና ከኪሱ አፈር ያልለቀቀው ካሮት አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት። ልጅቷ በካፖርቷ ጠረግ አድርጋ ገመጠችው።

«ጎሽ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ገና ካሮት በላሽልኝ!» አለች ሚስትየዋ፤ ወዲያው ግን ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት።

ሰውየው ልጅቷን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷም መልሳ ጠቀሰችው።

«አየኸው? ልጅ የሚያታልሉት እንዲህ ነው። ዓይን አውጣ!»

መሐንዲሱ አልሰማትም። ልጅቷ አንዲት ዶሮ በክንፏ ይዛ አንስታ ስታቅፋት እየቀረጸ ነበር።

«በአንድ ቀን! የገጠር አየር ማለት ይሄ ነው» አለ፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ሠራተኛው ወደ በረቱ እንደገባ ሚስትየዋ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። ልጅቷ ድምፅ እንዳታሰማም አንድ እሽግ ብስኩት አስታቀፈቻት።

«ወደ መኪናው እንሂድ?»

ልጅቷ እየዘለለች ቀደመቻቸው። የወንበሩ ቀበቶ አልደርስ አላት።

«ጠዋት ልኳ ነበር እኮ» አለች ሚስትየዋ ቀበቶውን እያላላች። «ይሄ ሁሉ ካሮቱ ነው?»

ካፖርቱን እንኳ ሳይመልሱ እግሬ አውጪኝ አሉ።

ብዙም አልራቁም፤ ትራክተር ከኋላቸው መጣ። የሚነዳው ያ ሰውዬ ነው። አንድ እጁን እያወዛወዘ ይጮኻል፤ በሞተሩ ጩኸት ምን እንደሚል አይሰማም።

«በሮቹን ቆልፍ! ንዳው!»

መሐንዲሱ ነዳው። መንገዱ ግን ጠባብ፣ ጭቃው ብዙ ነበር። ሚስትየዋ ወደ ኋላ ዞራ አየችና አፏን ያዘች።

«ጉልበቱ ላይ ሌላ ልጅ አስቀምጧል! ምስኪን፣ እየተንሰቀሰቀች ነው። እናቷ ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው ልጇን እንዲህ የጣለቻት?»

ፖሊስ ጋ ደወለች። «የልጅ ሌባ እያሳደደን ነው» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «ተመስገን፣ የእኛዋ ከእጃችን አልወጣችም!»

መታጠፊያው ላይ የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶት ነበር። መሐንዲሱ ፍሬን ያዘ። ትራክተሩ መጥቶ ጎናቸው ቆመ።

ልጅቷ የመጨረሻዋን ብስኩት ዋጠችና በሁለት እጇ መስኮቱን ደበደበች፤ «አባዬ! አባዬ፣ እየኝማ፣ በመኪና እየሄድኩ ነው!»